እንደ ጋለ ሽቦ

ምናሴን ውኃው ዳር ያገኘችው ሀኒ ናት። ሀኒ ነርስ ነች፤ የምናሴና የሚስቱ የፀሐይወርቅ ተከራይ ሆና ከጓሮ ባለችው ክፍል ትኖራለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአዳር ተረኝነት ስትመለስ፣ ግቢውን ከጣና ከሚለየው የድንጋይ ካብ ወዲያ፣ በደንገሉ መካከል አረንጓዴ ሹራብ አየች። ከገመድ ላይ የወደቀ ልብስ መሰላትና ልታነሣው ቀረበች። ሹራቡ ውስጥ ሰው ነበረበት። ምናሴ በግንባሩ ተደፍቷል፤ ፊቱ ውኃ ውስጥ፣ እግሮቹ ጭቃ ላይ ናቸው። ገልብጣ አንገቱን ዳሰሰች። ቀዝቅዟል።

ወደ ቤቱ ስትሮጥ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ከደፉ ላይ ፀሐይወርቅ በደረቷ ተዘርግታለች፤ አንድ እጇ ከበሩ ውጭ ነው።

«ሀኒ» አለች ድምፅዋ ተዘግቶ፤ «ሂጂና አውጪው። ይጣራ ነበር። አሁን ዝም ብሏል።»

ኢንስፔክተር ዘይነት ሰላህ ስትደርስ ጠዋቱ ገና አልሞቀም ነበር። ዘይነት ወረታ ላይ ሩዝ ይነግድ የነበረ ሰው ልጅ ናት፤ አርባ ዓመት አልፏታል። ሰው ሲያወራት ከፊቱ ይልቅ እጁንና እግሩን ማየት ትወዳለች። ረዳቷ ሳጅን ጊዮርጊስ ቀድሟት ደርሶ ነበር።

«አዳልጦት ነው» አላት። «ጠዋት ጠዋት የሚታጠበው ከዚህ ነው ይላሉ።»

ዘይነት ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል።

«አዳልጦት በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱ እንዴት ይቆስላል?»

ጊዮርጊስ ማጅራቱን ሊያይ ጎንበስ አለ። እሷ ሹራቡን ትመለከት ጀመር። በእጅ የተሠራ፣ ወፍራም ሱፍ ነው። በግራ ጎኑ በኩል ክሩ ተመዝዟል፤ ነገር ግን ጥፍር እንደቧጨረው የተዘበራረቀ አይደለም። መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ትናንሽ የክር ቀለበቶች ተደርድረው ወጥተዋል። ደንገል እንዲህ አያደርግም፤ ድንጋይም አያደርግም። ሹራቡ ተጠብቆ እንዲቀመጥላት አዘዘችና ወደ ግቢው ተመለሰች።

ምናሴ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነበር። ከሆስፒታል ሥራው ውጭ ወገብና እግራቸውን የሚያማቸውን ሰዎች በቤቱ በረንዳ ላይ ያክም ነበር። በረንዳው ላይ ጠፍጣፋ አልጋ፣ የላስቲክ ገመዶች፣ ለእግር ማጠንከሪያ የሚሆኑ ብረቶች ተቀምጠዋል። ብረቶቹ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ብቻ ታጥቧል፤ ከሥሩ ያለው የሲሚንቶ ወለል ገና ከውኃው አልደረቀም። ከበረንዳው እስከ ካቡ ያለው ሣር ጤዛው ተረግጧል፤ የተጎተተ ነገር ምልክት ግን የለበትም። ካቡ ከሰው ወገብ ይደርሳል። ከላዩ ደም ነክቶታል።

«እዚህ ተመታ። ከዚያ ተሸክመው ወስደው ከካቡ ወዲያ ጣሉት» አለች። «ይህን ያደረገው አንድ ሰው ከሆነ፣ ደህና ወገብ ያለው ሰው ነው።»

«እንግዲያው በዚህ ቤት ከሚመላለሰው ሰው አብዛኛው ነፃ ነው» አለ ጊዮርጊስ። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ ወገቡን የታመመ ነው።»

ፀሐይወርቅን ወደ ፍራሿ መልሰዋታል። ፍራሹ ወለል ላይ ነው፤ አልጋ ላይ መውጣት ካቆመች ቆይታለች። በጀርባዋ ተኝታ ከጉልበቶቿ ሥር ትራስ ተደርጎላታል። እንባዋ ከዓይኗ ጠርዝ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም። ዘይነት ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ከተኛሽ ቆየሽ?»

«ከጥምቀት በፊት ጀምሮ ነው። እርጥብ ምንጣፍ ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ወገቤ ላይ አንድ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ወዲህ ከወገቤ ተነሥቶ እንደ ጋለ ሽቦ በቀኝ ታፋዬ ጀርባ ይወርዳል፤ ባቴን ይሰነጥቀዋል፤ ትንሿ ጣቴ ላይ ሲደርስ ይደነዝዛል። መቀመጥ አልችልም። ማሳል አልችልም። ሊያስነጥሰኝ ሲል የምናሴን እጅ እይዝ ነበር።»

«ዲስክ ነው አሉሽ?»

«ዲስኩ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል አሉ። ምናሴ ሥዕል እየሣለ ያሳየኝ ነበር። ይህ ነርቭ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ ሥጋ ውስጥ አልፎ እስከ እግር ጣት ይወርዳል፤ የሚያመው እግርሽን ነው፣ ጥፋቱ ያለው ግን ወገብሽ ላይ ነው ይለኝ ነበር። ኦፕራሲዮን አዲስ አበባ ተቀጥሮልኝ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ ተኝቼ የምሄድበት መኪና ጠፋ። በአውሮፕላን እንዳልሄድ መቀመጥ አለብኝ።»

«የዛሬውን ንገሪኝ።»

«ምናሴ ማልዶ ይነሣል። በር ሲንኳኳ አልሰማሁም፤ ድምፁን ነው የሰማሁ። ቀስ ብሎ ከሰው ጋር ያወራል። የለየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹እርስዎ ራስዎ ቢናገሩ ይሻላል› አለ።»

«‹እርስዎ› ነው ያለው? ‹አንተ› አላለም?»

«‹እርስዎ› ነው ያለ። ከዚያ ከባድ ነገር ወደቀ። ከዚያ እርምጃ ሰማሁ። ከባድና ዝግ ያለ ነው፤ ግን አያነክስም። እዚህ ተኝቼ የሚያነክስ እግር ስሰማ ከርሜያለሁ፤ እለየዋለሁ። ወደ ሐይቁ ሄደ። ተመልሶ ቧንቧ ከፈተ። ከዚያ ወደ ውጭው በር ሄደ።»

«ከዚያስ?» አለች ዘይነት።

«ከዚያ ምናሴ ጠራኝ። ‹ፀሐይ› አለኝ። መጀመሪያ ጮክ ብሎ፣ ኋላ ቀስ ብሎ። እኔም ጮህሁ፤ የጎረቤት ሞተር ውኃ እየሳበ ነበር፤ ማን ይሰማኛል? ተገልብጬ በክንዴ ተሳብሁ። ከዚህ እስከ ደፉ ያለችው ርቀት እንዲህ ረጅም መሆኗን አላውቅም ነበር። ደፉ ላይ ስደርስ ሰውነቴ እምቢ አለ። እጄን ዘረጋሁ። በቃ። ከዚያ ድምፁ ቀረ።»

ዘይነት ክንዶቿን አየች። ክርኖቿ ተልጠዋል። ከዚያ አስፈቅዳ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። የቀኝ ባቷ ከግራው በጣም ቀጥኗል፤ ሥጋው ሟሽሿል።

«ባልሽ ሰሞኑን የተለየ ነገር ተናግሮ ነበር?»

«በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ማታ እራቱን ሳይበላ ተኛ። ምን ሆንህ ስለው ‹የማላውቀውን ነገር መስክሬያለሁ› አለኝ። የምን ምስክርነት እንደሆነ አልነገረኝም። እንዳልጨነቅ ብዙ ነገር ይደብቀኝ ነበር።»

ወደ ውጭ ሲወጡ ጊዮርጊስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎረቤቶች ሲደግፋት ቆማ አይተናታል ይላሉ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ የወገብ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። ቀበቶ አሥራ ቢሆንስ?»

«ባቷን አየህ? ልቅሶ በውሸት ይለቀሳል። ሥጋን በውሸት ማቅጠን ግን አይቻልም።»

ያም ሆኖ ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ነበረባት። የመጀመሪያዋ ሀኒ ነበረች። ነርሷ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ሸጉጣ ተቀመጠች።

«ከምናሴ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«አልተጣላንም» አለች። «ቆጣኝ። የሰፈር ልጅ ታሞ መቀመጫው ላይ መርፌ ወጋሁት። ልጁ ክስት ያለ ነው፤ ቦታውን ሳትሁ መሰለኝ። በማግስቱ እግሩን ይጎትት ጀመር። ምናሴ አይቶት መርፌው ነርቩን ነክቶታል አለኝ። ይህ የወገብ በሽታ አይደለም፣ የእጅሽ ነው አለኝ። ለወላጆቹ ሄደሽ ንገሪ፣ ልጁን እኔ አክመዋለሁ አለ።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኋቸው። ትናንት። እናቲቱ በሩን ዘጋችብኝ።» ቀና አለች። «አሁን ልጁን ማን ያክመዋል?»

የአዳር ተረኝነቷን ጊዮርጊስ ከባልደረቦቿ አረጋገጠ። ከሆስፒታሉ የወጣችው ምናሴን ባገኘችበት ሰዓት አካባቢ ነው። ደግሞም ሀኒ ያንን ሬሳ ከጭቃው ለመጎተት እንኳ አቅም አጥታ ነበር።

ሁለተኛው ክንዱ የሚባል ሰው ነበር። የፀሐይወርቅ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰዎችን ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ያመላልሳል። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ እንደ ግንድ ነው።

«እኅቴን ወጌሻ ጋ የወሰድኋት እኔ ነኝ» አለ ሳይጠየቅ። «ምናሴ ለሥራ እንፍራንዝ ሄዶ ነበር። ስታለቅስ ውላ ታድራለች፤ ምን ላድርግ? ወጌሻው ወገቧ ላይ በጉልበቱ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቷ አይነቃነቅም። ምናሴ ሲመለስ ከቤቴ ድርሽ እንዳትል አለኝ። እውነቱን ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርህ?»

«ጀልባው ላይ። ሞተሩ እምቢ ብሎኝ ስፈታ ስገጥም።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም። ካሰራችሁኝ እሰሩኝ። ግን እሷን የሚያገላብጥ ሰው ሳታገኙ አትውሰዱኝ።»

ጊዮርጊስ በዚያው ቀን ሊያስረው ፈልጎ ነበር። ዘይነት ከለከለችው። «ምናሴ ለሚስቱ ወንድም ‹እርስዎ› ይላል?»

«ለበሽተኞቹ ነው እንዲያ የሚል። በሽተኞቹ ደግሞ ሰው ተሸክመው አይሄዱም» አለ ጊዮርጊስ።

«እኔም ያስቸገረኝ እሱ ነው» አለች።

ሬሳው ተመርምሮ በማግስቱ ተቀበረ። ፀሐይወርቅ ከቀብሩ ቀረች። ሰዉ ሬሳውን ይዞ ሲወጣ ፍራሿ ላይ ሆና ጫማ ሲያልፍ ትሰማ ነበር፤ ግቢው ጭር ሲል ከሀኒ ጋር ብቻዋን ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ዘይነት ወደ ድንኳኑ ገባች። ከለቀስተኞቹ መካከል ከዘራ የያዘ፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ነበር። ሦስተኛው ተጠያቂ እሱ ነው፤ ሕዝቅኤል ይባላል፤ ፀሐይወርቅ በምትሠራበት ኮሌጅ ሾፌር ነው። የወገብ ሕመም ፈቃድ ወስዶ ከምናሴ ዘንድ ይታከም ነበር፤ በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ቀጠሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከጃኬቱ ሥር ሰፊ የወገብ ቀበቶ ታጥቋል። ዘይነት ከጎኑ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ተቀመጠች።

«ትናንት ለሕክምና አልመጡም?»

«አልመጣሁም፤ ሌሊቱን ሕመሙ ሲያሠቃየኝ አድሮ ጠዋት መነሣት አቃተኝ» አለ። «ምን የመሰለ ሰው። እኔንስ ከእንግዲህ ማን ይነካኛል?»

«ሕመሙ እንዴት ያለ ነው?»

«ዲስክ ነው አሉኝ። ከወገቤ ተነሥቶ እንደ ጋለ ሽቦ በቀኝ ታፋዬ ጀርባ ይወርዳል። ባቴን ይሰነጥቀዋል። ትንሿ ጣቴ ላይ ሲደርስ ይደነዝዛል። መኪና ከነዳሁ ቆየሁ፤ ፍሬን መርገጥ አልችልም።»

የድንኳኑ አቧራ ሽቅብ እየተነሣ ነበር። ሕዝቅኤል ደጋግሞ አስነጠሰው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና ስለ ምናሴ ደግነት ወሬውን ቀጠለ።

«የረገጡት ጭቃ ነው መሰለኝ፤ ጫማዎ ላይ አለ» አለችው።

«እ?» አለና የቀኝ እግሩን ከወንበሩ ሳይነሣ ቀጥ አድርጎ ወደ ፊቷ ዘረጋ፤ ሶሉን ገልበጥ አድርጎ አየው። «የቀብሩ ቦታ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ዘይነት።

ስትወጣ ጊዮርጊስን ጠየቀችው። «ይህ ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጠው?»

«ከቀብር እንደተመለስን። ምሳም እዚሁ ነው የበላ።»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም በሥራ ብዛት የደከመ ጎልማሳ ነበር። ዘይነት ስለ አሟሟቱ ጠየቀችው።

«ምቱ ከባድ ነው፤ ግን እሱ አልገደለውም» አለ። «ሳንባው ውስጥ ውኃ አለ። ሲጣል በሕይወት ነበር፤ ነፍሱንም ያውቅ ነበር። መነሣት ግን አልቻለም። ጭንቅላቱ እየከበደው ሲሄድ ፊቱ ውኃው ውስጥ ገባ።»

«ሰው ቢደርስለትስ?»

«በዚያ ጥልቀት ፊቱን ወደ ጎን ማዞር ይበቃ ነበር።»

ዘይነት መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቀች። «ከወገብ እስከ እግር የሚወርደው ሕመም ከምን ይመጣል?»

«ብዙውን ጊዜ ከዲስክ። ከአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ነገር ተገፍቶ ወጥቶ ነርቩን ይጫናል። ጎንበስ ሲልና ሲቀመጥ ይብስበታል። ማሳልና ማስነጠስም ያሠቃያል። በዕድሜ ደግሞ ነርቩ የሚያልፍበት መንገድ ይጠብባል፤ ያ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ መቆምና መሄድ ነው የሚከብደው፤ ጎንበስ ሲል ወይም ሲቀመጥ ቀለል ይለዋል።»

«አባቴ እንደዚያ ነበር» አለች። «ጋሪ እየገፋ ብዙ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ግን መንገድ መሻገር ያቅተዋል።»

«ትክክል። ሌላም አለ፤ አጥንቱ ከቦታው ተንሸራትቶ፣ የመቀመጫ ጡንቻ ነርቩን አንቆ፣ መርፌ ነክቶት። እርጉዞችንም ይይዛቸዋል። ሁሉም እግር ላይ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው መቼ እንደሚብስ በመጠየቅ ነው።»

«ታምሜያለሁ ብሎ የሚዋሽ ሰውስ በምን ይታወቃል?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «አስተኝተን እግሩን ቀጥ አድርገን እናነሣለን። ነርቩ ስለሚወጠር የታመመው ሰው ትንሽ ሳናነሣው ይጮኻል። ኋላ ደግሞ ቁጭ እንዳለ ጫማህን አሳየኝ እንለዋለን። ነርቩ ያው ነው የሚወጠር፤ የእውነት የታመመ ሰው ወደ ኋላ ይለጠጣል ወይም እምቢ ይላል። ውሸታሙ ግን ስለማያውቅ ዘርግቶ ያሳየናል።»

በማግስቱ ዘይነት ሁሉንም በፀሐይወርቅ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሌላ ቦታ መሰብሰብ አይቻልም ነበር፤ ነገሩ ከሁሉም በላይ የሚመለከታት ሰው ከዚያ ፍራሽ መነሣት አትችልም። ክንዱ በሩ አጠገብ ቆመ። ሀኒ ከራስጌ ተቀመጠች። ሕዝቅኤል ከዘራውን ተደግፎ ገብቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጊዮርጊስ ከኋላው ነበር።

«ምናሴን የመታው ሰው ተሸክሞት ሄዷል» ስትል ጀመረች። «ስለዚህ መጀመሪያ ጠንካራ ሰው ፈለግን፤ ክንዱን ጠረጠርን። ነገር ግን ምናሴ ከመመታቱ በፊት ያነጋገረውን ሰው ‹እርስዎ› ብሎታል። ክንዱን ‹አንተ› ነው የሚለው፤ ሀኒን ‹አንቺ›። ‹እርስዎ› የሚላቸው በሽተኞቹን ነው። በሽተኛ ደግሞ ያነክሳል፤ ሰውም አይሸከምም። ሁለቱን የሚያስማማው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሽተኛው በሽተኛ ካልሆነ።»

ሕዝቅኤል ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አቶ ሕዝቅኤል፣ ሕመምዎን ሲነግሩኝ ከፀሐይወርቅ ጋር ቃል በቃል ገጠመ። እንደ ጋለ ሽቦ፣ ባቴን ይሰነጥቀዋል፣ ትንሿ ጣቴ ይደነዝዛል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ሕመም ሊያመው ይችላል። በአንድ ዓይነት ቃል ግን አይናገረውም። ዲስክ አለብኝ የሚሉ ሰው ድንኳን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዋሉ። ደጋግሞ አስነጠስዎ፤ ፊትዎ እንኳ አልተኮማተረም። ጫማዎን ሳነሣብዎ እግርዎን ቀጥ አድርገው ዘረጉልኝ።»

«ዕለቱን ቀለል ብሎኝ ነበር» አለ ሕዝቅኤል።

«ምናሴም እንደ እኔ ያየ ይመስለኛል። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን እራቱን ሳይበላ አድሯል፤ የማላውቀውን መስክሬያለሁ ብሏል። ይህን ስሰማ የመሰከረውን ጉዳይ አስፈለግሁ። ፔዳ በሚባለው ሰፈር ሲና የምትባል ተማሪ መኪና ገጭቷት ሞታለች። ሾፌሩ አልቆመም። አይቻለሁ የሚል ሰው የእርስዎን መልክ ተናግሯል። እርስዎ ግን ወገቤን ታምሜ መንዳት ካቆምሁ ቆይቻለሁ፣ ምናሴን ጠይቁት አሉ። ምናሴም በቅን ልቡ መሰከረልዎ፤ እርስዎም ነፃ ሆኑ።»

ወደ ሕዝቅኤል በርጩማ ቀረበች።

«ቀበቶዎን ይፍቱልኝ» አለች ዘይነት።

«ያለ እሱ መቆም አልችልም።»

«ተቀምጠው ይፍቱት።»

ጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ ፈታው። የቀበቶው ጫፍ እንደ ጭጎጎት ጨርቅ የሚይዝ ሰፊ መያዣ አለው። ዘይነት ወደ መስኮቱ አዞረችው። በጥቃቅኖቹ መንጠቆዎች መካከል ጠጉር የሚያህል አረንጓዴ ሱፍ ተሰግስጓል። ሊያጥበው ሞክሯል፤ ታጥቦ የሚለቅ ግን አይደለም።

«የምናሴ ሹራብ በግራ ጎኑ ክሩ ተመዝዟል፤ የተመዘዘበት ቦታ ከዚህ መያዣ ጋር አንድ ልክ ነው። ሰው ወደ ሆዱ አስጠግቶ ታቅፎት ሲሄድ የሚሆን ነገር ነው። የፀሐይወርቅን ቀበቶ አይቻለሁ፤ የብርድ ልብሷ ብናኝ ብቻ ነው ያለበት።»

«ያንን ሹራብ እኔ ነኝ የሠራሁለት» አለች ፀሐይወርቅ ጣሪያውን እያየች። «እዚሁ ተኝቼ።»

ሕዝቅኤል ለረጅም ጊዜ ቀበቶውን ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«መስክ ሊልኩኝ ነበር። መንገዱን ታውቃላችሁ። ስንት ሾፌር ሄዶ ቀርቷል። ፈራሁ። ወገቤን ልበል ብዬ ጀመርሁት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሲናን የገጨሁ በወዳጄ መኪና ነው፤ ለትንሽ ጉዳይ ተውሼ። ከዚያ በኋላ መመለሻ ጠፋኝ። ምናሴ ዛሬውኑ አብረን እንሂድ፣ እርስዎ ራስዎ ቢናገሩ ይሻላል አለኝ። ለመንሁት። ጫማውን ሊያደርግ ዞር ሲል ብረቱ እጄ አጠገብ ነበር።»

«ሕመሙን ከየት ተማሩት?» ስትል ዘይነት ጠየቀች። መልሱን ታውቀው ነበር፤ ግን ከእሱ መስማት ነበረባት።

በእሱ ፈንታ የመለሰችው ፀሐይወርቅ ናት።

«ከእኔ» አለች። «ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ሌሎቹ ሲሄዱ እሱ ቀረ። እንዴት ነው የሚያምሽ አለኝ። እንደዚያ አስረዝሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚደነዝዝ፣ በየት በኩል እንደማነክስ ሁሉንም ነገርሁት። ደስ ብሎኝ ነው የነገርሁት።» ከዚያ ራሷን ወደ እሱ ሳታዞር ወደ ጣሪያው እንዳየች ጠየቀችው። «ጋሼ ሕዝቅኤል፣ ሲጠራኝ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ።»

«የት ሆነው?»

«በሩን ሳልወጣ። የሞተ መስሎኝ ነበር የጣልሁት። ድምፁን ስሰማ ልመለስ አሰብሁ።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ከዚያ አንቺ እንደማትደርሺለት ትዝ አለኝና ሄድሁ።»

ክንዱ ከበሩ ተነቀለ። ጊዮርጊስ መሐል ገብቶ ያዘው፤ ክንዱም ብዙ አልታገለም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሕዝቅኤል ሲወሰድ ከዘራውን ረስቶ ቀጥ ብሎ ተራመደ። ፀሐይወርቅ ኮቴውን እስከ ውጭው በር ድረስ አዳመጠችው።

«ያ ነው» አለች። «የዚያን ዕለት የሰማሁት እሱን ነው።»

ሌሎቹ ሲወጡ ዘይነት ቀረች። ፀሐይወርቅ እጇን ስትዘረጋ ያዘችላት።

«ሐኪሙን አነጋግረውታል አይደል? አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከደፉ ባልፍና ብደርስ ኖሮ?»

ዘይነት በሥራዋ ብዙ ከባድ ነገር ለሰው ነግራለች። ይህን ግን ልትለው አፏን ከፈተችና ተወችው። እጇን ብቻ ጠበቅ አደረገች። ፀሐይወርቅም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ቅዳሜ ዕለት ፀሐይወርቅ መቃብሩን ካላየሁ አለች። መኪና ውስጥ መቀመጥ ስለማትችል ክንዱ ከጀልባ ሠሪዎች እንጨት ለምኖ ቃሬዛ አሠራ። የሰፈር ሰዎች ተጋግዘው፣ እሱ ከፊት ሆኖ፣ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሸከሟት። ሀኒ ከጎኗ እየሄደች ጃንጥላ ይዛላታለች። ዘይነትም ትከተላቸዋለች።

በመንገድ ያገኟቸው አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። «ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«የሞተ የለም፤ እኅቴ ናት» አላቸው ክንዱ።

አዛውንቱ አፍረው ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ።

ዘይነት እስከ ቅጥሩ በር ሸኘቻቸውና ከውጭ ቆመች። እነሱ ገብተው ከአዲሱ አፈር አጠገብ አሳረፏት። በጀርባዋ እንደተኛች ከላይዋ ያለውን የዋንዛ ቅጠል ብቻ ነው የምታየው። መቃብሩ በግራዋ ነበር፤ ራሷን ብታዞርም አይታይም። ተሸካሚዎቹ ፈንጠር ብለው ቆሙ። ክንዱ ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት እጆቹን አንዴ ወደ ትከሻዋ፣ አንዴ ወደ ወገቧ ይዘረጋል፤ የወጌሻው ነገር ትዝ እያለው መልሶ ይሰበስባቸዋል።

«አትፍራ» አለችው። «መጀመሪያ ጉልበቴን እጠፍልኝ። አሁን ትከሻዬንና ዳሌዬን አንድ ላይ ያዝ። አንድ ላይ። ቀስ ብለህ ወደ ግራ።»

እንዳለችው አደረገ። ጥርሷን ነክሳ ተቃሰተች፤ ፊቷ በላብ ራሰ። ሀኒ ከጀርባዋ ነጠላዋን ጠቅልላ ደገፈቻት። ፀሐይወርቅ አፈሩን አየችው። እጇን ዘረጋች፤ ደረሰ።

«ተዉኝ ትንሽ» አለች።

ተሸካሚዎቹ ከዋንዛው ሥር ተቀመጡ። ክንዱ ግን ጎኗ እንዳይመለስባት በሁለት እጁ እንደያዛት ተንበርክኮ ቆየ፤ መቼ መልቀቅ እንዳለበት አላወቀም፤ እሷም አልነገረችውም።